ከዚህ በፊት የገባለት ሰው እንዴት ሆነ?

የጉልበቴን ብሎን ለመምረጥ ኤክሴል ከፈትኩ። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ስልክ ስገዛም፣ ላፕቶፕ ስገዛም፣ ቤት ስከራይም የማደርገው ይህንኑ ነው። አማራጮቹን በረድፍ፣ መስፈርቶቹን በዓምድ እደረድርና ነጥብ እሰጣለሁ፤ ነጥቡ የበዛው ያሸንፋል። የዚህኛው ሰንጠረዥ አሸናፊ ግን አጥንቴ ውስጥ ገብቶ የሚቀር ነው። ስልክ ካልተስማማ ይሸጣል።

ነገሩ የጀመረው አልዱባ ነው፣ ያደግኩበት። ለመስቀል ቤተሰብ ልጠይቅ ወርጄ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እንጫወታለን። ሜዳው ሣር የለውም፤ አቧራና ጠጠር ነው። ማንም አልነካኝም። ኳሱን ይዤ በቀኝ እግሬ ቆሜ ወደ ግራ ልታጠፍ ስል ገላዬ ዞረ፣ እግሬ ግን መሬት ላይ ተተክሎ ቀረ። ጉልበቴ ውስጥ «ቋ» የሚል ነገር ሰማሁ። አጠገቤ የነበረው ልጅም ሰምቷል። ሳይመሽ ጉልበቴ እንደ ቅል አበጠ።

ወጌሻው በቅቤ እያሸ «አልተሰበረም፣ ወለምታ ነው» አለኝ። ስለ ስብራቱ ልክ ነበር። በማግስቱ ጂንካ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። «አጥንትህ ደህና ነው» ተባልኩ። ይህም ልክ ነበር፤ ራጅ አጥንት እንጂ ጅማት አያሳይም። ሁሉም ልክ ሆኖ እኔ ግን አልዳንኩም። በሦስት ሳምንት እብጠቱ ጠፋ፣ መራመድ ቻልኩ፣ አዲስ አበባ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዚያ አንድ ቀን የቢሮውን ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። ሳያመኝ ነው የከዳኝ፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። እግሬ ያለ አይመስልም ነበር።

አዲስ አበባ ያየኝ ሐኪም ምንም መሣሪያ አላነሣም። ጉልበቴን ትንሽ አጥፎ፣ ጭኔን በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ቅልጥሜን ወደ ፊት ሳበው። እንደ ላላ መሳቢያ መጣለት። የግራውን ሲስበው ቀጥ ብሎ ቆመ። «ኤምአርአይ ትነሣለህ፣ ግን አሁኑኑ ልንገርህ፤ የፊተኛው መስቀለኛ ጅማትህ ተቆርጧል» አለኝ። ኤምአርአዩም ያንኑ አለ።

ለማታውቁት ላስረዳ። ጉልበት ውስጥ ሁለት ጅማቶች በመስቀል ቅርጽ ይተላለፋሉ። የፊተኛው፣ ኳስ ተመልካቾች ኤሲኤል ብለን የምናውቀው፣ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ስንታጠፍ ጉልበት እንዳይሽከረከር ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠ ብዙውን ጊዜ መልሶ አይገጥምም። ሁሉም ሰው ግን ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ጡንቻውን አጠንክሮ ያለ ጅማቱ በደንብ የሚኖር ብዙ ሰው አለ። እኔም ሁለት ወር ፊዚዮቴራፒ ሞከርኩ። ጉልበቴ በሁለቱ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ከዳኝ። በአራተኛው ሐኪሙ «እንግዲህ እንሥራው» አለ።

ከዚያ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ስም ጻፈልኝና «ማሰሪያውን ከአስመጪ ትገዛለህ። ሁሉም ይሠራሉ። ዋጋ ጠይቀህ ንገረኝ» አለኝ።

«ሁሉም ይሠራሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ለአንድ መሐንዲስ መንገር ጥሩ አይደለም። መካኒካል ምህንድስና ተምሬ አሁን ሶፍትዌር ነው የምጽፈው፤ ግን የማቴሪያል ላቦራቶሪው ትዝታ አልለቀቀኝም። ብረት በማሽን ተይዞ እስኪበጠስ ይጎተታል፣ ስክሪኑ ላይ ኩርባ ይሣላል፣ ኩርባው ላይ እውነቱ አለ። ስለዚህ የብሎኖቹን ኩርባ ፍለጋ ገባሁ።

መጀመሪያ ሥራው ራሱ ገባኝ። ሐኪሙ ከጭን ጀርባ ሁለት ቀጫጭን ጅማቶች ይወስዳል፤ አጥፎ አራት ድርብ ያደርጋቸዋል። ከዚያ በካሜራ እያየ በቅልጥም አጥንትና በጭን አጥንት ውስጥ ጉድጓድ ይቦረቡራል። አዲሱ ጅማት በጉድጓዶቹ አልፎ ይሳብና ከላይም ከታችም ይታሰራል። የእኔ ሰንጠረዥ ስለዚህ ማሰሪያ ነው።

አንዱ ዓይነት ማሰሪያ ብሎን ነው። ጅማቱ ጉድጓዱ ውስጥ እያለ በጎኑ ይገባና ከአጥንቱ ግድግዳ ጋር ያጣብቀዋል። አባቴ የመጥረቢያው እጀታ ሲላላ ሽብልቅ ይመታበት ነበር፤ ሐሳቡ እሱ ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. ላምበርት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህንን ዘዴ ጻፈ፤ በ1987 ደግሞ ጃፓናዊው ኩሮሳካ ለዚሁ ሥራ የታሰበ ወፍራም ብሎን ከሌሎች ማሰሪያዎች የተሻለ እንደሚይዝ አሳየ። ዛሬ ብሎኑ ከቲታኒየም፣ ፒክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ፣ ወይም ቀስ በቀስ ሰውነት ውስጥ ከሚሟሟ ፖሊ ላክቲክ አሲድ ይሠራል።

ሌላው ዓይነት ቁልፍ ነው። የሸሚዝ ቁልፍን አስቡት፣ ረዘም ያለች። ከጅማቱ ጋር በክር ተያይዛ ጉድጓዱን በቁመቷ ታልፍና ከአጥንቱ ውጭ ስትደርስ ትጋደማለች። ወደ ኋላ መመለስ አትችልም። ጅማቱም ከእሷ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በ1991 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከ22 እስከ 35 ዓመት የነበሩ ሰዎች ተፈጥሯዊ ጅማት ለመበጠስ በአማካይ 2160 ኒውተን ፈልጓል። በገበያ ቋንቋ፣ ሁለት ኩንታል ማሽላ ተንጠልጥሎበት አልተበጠሰም ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ በሆነው ላይ ቁጥሩ ወደ 658 ወርዷል። ከጭን ጀርባ የሚወሰደው ባለ አራት ድርብ ጅማት ደግሞ ላቦራቶሪ ውስጥ በእኩል ተወጥሮ ሲጎተት ከ4000 ኒውተን በላይ ይሸከማል። አዲሱ ገመድ ከድሮው ይጠነክራል ማለት ነው። ችግሩ ያለው ገመዱ የታሰረበት ላይ ነው።

በ2003 እ.ኤ.አ. የፊንላንድ ተመራማሪዎች ስድስት የጭን በኩል ማሰሪያዎችን አወዳድረው አሳተሙ። በአንድ ጊዜ ተጎትተው ሲፈተኑ ደካማው በአማካይ 546፣ ጠንካራው 1112 ኒውተን ያዘ። ከቁልፎቹ አንዱ 1086 ነበር። በቅልጥም በኩልም ሌሎች ስድስት ፈትነው ከ471 እስከ 1332 አገኙ። በሁለቱም ዝርዝር ተራ ብሎኖቹ ታች ታች ናቸው። ለመደበኛ የዕለት እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ግምት ወደ 450 ኒውተን ስለሆነ ደካማው ማሰሪያ ለጥቂት ነው ያለፈው።

ሰንጠረዤ ቀለም አገኘ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ሦስት ሌሊት ሠርቼበታለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ፍርሃቴም ቀንሶልኛል። ቁጥር ስደረድር እጄ ላይ አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ እንደ ማንኛውም ጥሩ ተማሪ የጥናቶቹን «የአሠራር ዘዴ» ክፍል ማንበብ ጀመርኩ። እዚያ ነው ነገሩ የተበላሸው።

አንደኛ፣ የተፈተነው የአሳማ ጉልበት ላይ ነው። ለጥናት ምቹ ነው፤ በብዛት ይገኛል፣ እርስ በርሱም ይመሳሰላል። ነገር ግን እዚያው ፊንላንድ የአሳማን ቅልጥም ከሰው ጋር ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች የአሳማው አጥንት ብሎኑን ከሚገባው በላይ ጠንካራ እንደሚያስመስል፣ የጅማቱን መንሸራተት ደግሞ አሳንሶ እንደሚያሳይ አገኙ። አጥንቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ብሎን ጥሩ ይነክስለታል።

ሁለተኛ፣ የመመላለሱ ፈተና 1500 ጊዜ ነው፤ ከ50 እስከ 200 ኒውተን፣ በየሁለት ሰከንዱ አንዴ። ካልኩሌተር አወጣሁ። 50 ደቂቃ። አንድ እግር 1500 ጊዜ ሲረግጥ ሰው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ማክሰኞ ማክሰኞ አልዱባ ገበያ የሚመጡት የበና፣ የፀማይ፣ የሐመርና የአሪ ሰዎች ሁለት ኪሎ ሜትሩን የሚጨርሱት ገና ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ያውም ሸክም ይዘው፣ ያውም ለመሄድ ብቻ።

ሦስተኛው ይበልጥ ከበደኝ። ፈተናው ሁሉ የቀን ዜሮ ፈተና ነው። ማሰሪያ ግን ለዘላለም አይደለም የሚፈለገው። በ1993 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ውሾች ላይ በተደረገ ጥናት አጥንት ውስጥ የገባው ጅማት በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ8ኛው ሳምንት ሲጎተት ከጉድጓዱ ተነቅሎ ይወጣ ነበር። በ12ኛው ሳምንት ግን አልተነቀለም፤ አጥንቱ ይዞታል። ስለዚህ ማሰሪያው እስከዚያ ድረስ አደራ ጠባቂ ነው። ከዚያ በኋላ ሥራው አልቆ እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። እንግዳው ደግሞ ጠባይ አለው። ቲታኒየም ኤምአርአይ ላይ ጥላ ይጥላል፣ ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገም መንገድ ይዘጋል። የሚሟሟው ሲገባ ሊሰበር ይችላል፤ «ይሟሟል» የተባለውም ዓመታት ሊወስድበት ይችላል። ቁልፉ ላይ የተንጠለጠለ ጅማት ጉድጓዱ ውስጥ ሊመላለስና ጉድጓዱን ሊያሰፋው ይችላል። ከእነዚህ አንዱም በ50 ደቂቃ አይታይም።

ታዲያ ሰው ላይስ? በ2016 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም የብረት ብሎንና የሚሟሟ ብሎን የተነጻጸሩባቸውን ሙከራዎች ሰብስቦ ነበር። ሰዎቹ ስለ ጉልበታቸው ሲጠየቁ የጎላ ልዩነት አልታየም፤ የሚሟሟው ላይ ግን፣ በቀዶ ሕክምናው ወቅት የሚሰበሩትን ጨምሮ፣ ያልተሳካው በዛ ያለ ይመስላል፤ ማስረጃው ራሱ ግን ደካማ ነው። ሦስት ሌሊት የቀባሁት አረንጓዴና ቀይ እዚህ ላይ ፈዘዘ።

ለገና አልዱባ ወረድኩ። ማክሰኞ ስለነበር እናቴ ገበያው ዳር ባለችው ቡና ቤቷ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እኔ ጥግ ላይ እግሬን ዱካ ላይ አጋድሜ ላፕቶፔን ከፍቻለሁ።

«ይሄ ሁሉ ቀለም ምንድነው?» አለችኝ።

«ብሎን ነው እማ። ጉልበቴ ውስጥ የሚገባው።»

«የትኛው ነው የሚሻለው?»

«ይሄኛው 1086 ይይዛል። ያኛው ርካሽ ነው ግን ...»

«እሱን ተወው። ከዚህ በፊት የገባለት ሰው አሁን እንዴት ነው?»

«ይሄ ጥናት እንኳን ሰው ላይ አይደለም፤ አሳማ ላይ ነው የሞከሩት።»

ስኒዎቹን እንደያዘች ቆመች። «ታዲያ አሳማው ከዚያ በኋላ ሄደ?»

ሳቅኩ። የሞተ አሳማ አጥንት መሆኑን አስረዳኋት። እሷ ግን አልሳቀችም። «እና አልሄደማ» ብላ ቡናውን ልታደርስ ወጣች።

እዚያው ተቀምጬ ገበያውን አየሁ። አንድ ሽማግሌ ቦርኮቶው ላይ ተቀምጦ የሁለት ፍየሎች ገመድ ይዟል። ገዢው ጥርስ ያያል፣ ጀርባ ይጨብጣል፤ ይህ የእኔ ላቦራቶሪ ነው። ግን ከዚያ ቀጥሎ ማንም ላቦራቶሪ የማይጠይቀውን ይጠይቃል፤ ከማን መንጋ ነው፣ ባለፈው ከአንተ የወሰድኩት እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ ወይ። ሻጩም መልስ አለው፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ማክሰኞ እዚሁ ይመጣል። የታመመ ፍየል የሸጠ ሰው ማክሰኞን ያፍራል። ማሩም፣ ሸፈሮውም፣ ቅቤውም እንዲሁ ነው የሚሸጠው። እናቴ ቅቤ ከአንዲት ሴት ብቻ ነው የምትገዛው፤ ሴትየዋ ለዓመታት ተመልሳ መጥታለችና።

የእኔ ብሎን ማክሰኞ የለውም።

አስመጪው ሱቅ ስሄድ ይህንኑ ነበር የጠየቅኩት። ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፣ በእኔ ዕድሜ። ካርቶኑን አወጣ፣ የፋብሪካውን ሰርተፍኬትና የምዝገባ ወረቀቱን አሳየኝ። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሕክምና መሣሪያ ይመዘግባል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን በር ላይ የሚደረግ ፍተሻ ነው። «ከዚህ በፊት የሸጥክላቸው ሰዎችስ እንዴት ሆኑ?» አልኩት። «ወንድሜ፣ እስካሁን ቅሬታ መጥቶብን አያውቅም» አለኝ። ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ይህን መልስ ያውቀዋል። ሎግ የማይመዘግብ ሲስተም ምንም ስህተት የለበትም። ንጹሕ ነው። ተጠቃሚው ዝም ብሎ ይጠፋል እንጂ።

የሚሟሟው ብሎን ሣጥን ላይ የሙቀት ገደብ ምልክት ነበር። ፖሊ ላክቲክ አሲድ በእርጥበት ይፈርሳል፣ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። «መጋዘናችሁ ውስጥ ቴርሞሜትር አለ?» አልኩት። ፈገግ አለ። የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ብሎን ሳልገዛ ወጣሁ።

የእናቴን ጥያቄ አገር አቀፍ ያደረጉት ሰዎች አሉ። ኖርዌይ በ1987 እ.ኤ.አ. ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ የገባላቸውን ሰዎች መመዝገብ ጀመረች፤ ማን፣ መቼ፣ ምን ዓይነት፣ በምን ማጣበቂያ፣ እንደገና ተከፈተ ወይስ አልተከፈተም። ቦንሎክ የተባለ አዲስ የአጥንት ማጣበቂያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ሲውል፣ ሌሎቹ ጸንተው እሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እየላላ መሆኑን ያሳየው ይህ መዝገብ ነው፤ ማጣበቂያው በ1995 ከገበያ ወጣ። በ2004 ኖርዌይ ለጉልበት ጅማትም እንዲህ ያለ መዝገብ ከፈተች፤ በ2005 ስዊድንና ዴንማርክ ተከተሉ። እዚያ ብሎን የሚመዘነው ተመልሶ በመጣ ሰው ነው።

«እነሱ ኖርዌይ ናቸው» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ከአልዱባ ስመለስ ግን አውቶቡሱ በወይጦ፣ በኮንሶ፣ በአርባ ምንጭ አድርጎ ሶዶ ላይ ለምሳ ቆመ፤ አንድ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። ሳይን የተባለ በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የተመሠረተ ድርጅት የጭንና የቅልጥም ስብራት ውስጥ የሚገባ ረጅም ዘንግ ለድሃ ሀገር ሆስፒታሎች በነፃ ይሰጣል። ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልና ጥቁር አንበሳ ከሚጠቀሙበት መካከል ናቸው። ነፃ ሲሆን ግን ግዴታ አለው። ሐኪሙ የእያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና መረጃና የራጅ ምስል በኢንተርኔት ወደ ድርጅቱ መዝገብ ይልካል፤ የተጠቀመበትን ዘንግ የሚተኩለት በዚያ ነው። በሽተኛው ለክትትል ሲመለስም አንድ ቀላል ፎቶ ይነሣል። ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ይላል። ቁጢጥ ማለት ከቻለ እግሩ ታጥፏል፣ ፈገግ ካለ አላመመውም። በቃ። ላቦራቶሪም፣ ኤምአርአይም አያስፈልግም።

ያ ዘንግ ለስብራት ነው፤ ከእኔ ጅማት ጋር አይገናኝም። ግን መዝገብ መያዝ የሀብታም አገር ቅንጦት አለመሆኑን እዚያው ሶዶ፣ ምሳዬን እየበላሁ ገባኝ። ትልቁ ወጪ መጠየቅ ነው።

አዲስ አበባ ስደርስ ሐኪሙን ጠየቅኩት። «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከዚህ በፊት የሠሩላቸው ሰዎች አሁን እንዴት ናቸው?» ይቆጣል ብዬ ነበር። ዝም አለ። ከዚያ «አንዳንዶቹን አውቃለሁ። ብዙዎቹ ፊዚዮቴራፒ ጨርሰው ይጠፋሉ። ደህና ስለሆኑ ይሁን፣ ሌላ ጋ ሄደው ይሁን፣ በምን ልወቅ?» አለኝ። በሳምንቱ ራሱ ደውሎ ፈቃዳቸውን ከጠየቃቸው ሰዎች ሦስቱ ደወሉልኝ።

አንደኛው ኳስ ተመልሷል። ሁለተኛዋ ደረጃ ስትወርድ አሁንም ትፈራለች፤ ጉልበቷ ግን ከድቷት አያውቅም። ሦስተኛው «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ስሰግድ ግን ከጉልበቴ በታች የብሎኑ ራስ ይነካኛል። ስጋጃውን አጥፌ ነው የምሰግደው» አለኝ። በሰንጠረዤ ላይ 14 ዓምዶች ነበሩ። ስጋጃ የሚል ዓምድ ግን አልነበረኝም።

ሐኪሙን በመጨረሻ «እርስዎ ለራስዎ ጉልበት ቢሆን የትኛውን ይመርጣሉ?» አልኩት። «እጄ የለመደውን» አለ፤ «ከላይ ቁልፍ፣ ከታች የቲታኒየም ብሎን። አጥንትህ የወጣት አጥንት ነው፣ ይይዛል። ባልለመድኩት ጥሩ ዕቃ ከምሠራህ በለመድኩት ደህና ዕቃ ልሥራህ።» ከታች ብሎን፤ የፊንላንዱ ዝርዝር ላይ ታች የነበረው ዓይነት። ኤክሴሌ ሌላ መርጦ ነበር። ዘጋሁት።

ጥር መጨረሻ ላይ ተሠራሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፤ የማሰሪያዎቹ ፓኬት ላይ ተልጦ የሚለጠፍ ወረቀት አለ፣ የምርት ቁጥሩን የያዘ። ፋብሪካው አንድ ቀን «ይህ ቁጥር ያለው ችግር አለበት» ቢል እኔ ውስጥ ያለው እሱ መሆኑን የሚነግረኝ ያ ወረቀት ብቻ ነው። ሁለቱም አሁን የልደት ካርዴ ያለበት ፖስታ ውስጥ ናቸው።

ያንን 12 ሳምንት እንዴት እንዳለፍኩት ባላወራ ይሻለኛል። በክራንች ታክሲ መጠበቅ፣ ሌሊት መንቃት፣ «አሁን ተንሸራቶ ይሆን?» እያሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ማዳመጥ። ኒውተኖቹን ሁሉ አውቃቸው ነበር፤ ያኔ አንዱም አልጠቀመኝም። የጠቀመኝ ደረጃ የምትፈራው ሴት ድምፅ ነው፤ «በሰባተኛው ሳምንት እኔም እንዲህ ነበርኩ» ያለችኝ።

ዘንድሮ ለመስቀል አልዱባ ተመልሻለሁ፤ ስምንት ወር ሆነኝ። ኳስ ገና አልተፈቀደልኝም፣ ሜዳው ዳር ቆሜ አየሁ። ጉልበቴ አልከዳኝም። ስንበረከክ ግን፣ ልክ ሰውየው እንዳለው፣ ከጉልበቴ በታች የሆነ ነገር ይቆረቁረኛል።

ማክሰኞ ቀን እናቴ ቡና ቤት ፊት ለፊት ቁጢጥ ብዬ ወንድሜን ፎቶ አንሣኝ አልኩት። ፈገግታዬ ትንሽ ጠመም ብሏል፤ ቀኝ እግሬ እንደ ግራው አልታጠፈም። ፎቶውን ለሐኪሙ ላክሁለት፤ በመጨረሻ ማሰሪያዎቹን ለገዛሁበት ሻጭም። የምርት ቁጥሩን፣ ስምንት ወር መሆኑን፣ ስንበረከክ እንደሚቆረቁረኝ ጻፍኩበት።

ሻጩ ደወለ። «ወንድሜ፣ ዕቃው ተበላሸ እንዴ?» አለ ደንግጦ። አልተበላሸም አልኩት። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለኝ። «ምንም። ለሚቀጥለው ገዢ ንገረው።»

ሐኪሙ ደግሞ ማታ «ጎበዝ! ግን ይህን የት ነው የማስቀምጠው?» ብሎ ጻፈልኝ። ጥያቄው እውነተኛ ነበር። እዚያው ቡና ቤት ጥግ፣ ዱካው ላይ፣ አዲስ ሰንጠረዥ ከፈትኩለት። ስም የለበትም፤ ቁጥር፣ ቀን፣ ማሰሪያ ከላይ፣ ማሰሪያ ከታች፣ ከዳህ ወይ፣ ያምሃል ወይ፣ የት። ነጥብ የሚባል ዓምድ የለውም።

እናቴ በትከሻዬ በኩል አየችው። «ይሄ ባዶ ነውሳ» አለች።

«አንድ ረድፍ አለው እማ» አልኳት። «እኔ ነኝ።»